ከመተማ ወዲያ፣ ሂላው ሥር

ከመተማ ዮሐንስ ተሻግሮ ጋላባትንና ዶካን ያለፈ መንገደኛ እስከ ገዳሪፍ የሚያየው ጥቁር መሬት፣ ማሽላና ሰሊጥ ነው። በጥቅምት ሰሊጡ ሲደርስ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የወረዱ፣ ሳሉግ የሚባሉ የወቅት ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ ነዶውን እርስ በርሱ እያስደገፉ ሂላ ያቆማሉ፤ ሰሊጡ እዚያው ቆሞ ይደርቃል። ሂላው አይጥ ይጠራል፤ አይጧ ደግሞ እባብ። ሠራተኛው ማታ እዚያው አጠገብ ሸራ አንጥፎ ይተኛል።

አንድ የደንቢያ ልጅ በኮብራ የተነደፈ ጓደኛውን ሲያነሣልኝ፣ «ጋሼ፣ እንቅልፍ የያዘው ነው የመሰለን» አለኝ። እግሩ ብዙም አላበጠም። መጀመሪያ የዓይኑ ቆብ ወረደ፤ ቀጥሎ ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። «ስሙን ስንጠራው ግን ጣቱን ያነቃንቅ ነበር።»

ያቺ ጣት ብዙ ትናገራለች። የተነደፈው ልጅ ይሰማል፤ አእምሮው አልተነካም። አንጎል ጡንቻን የሚያዘው በነርቭ በኩል በሚሄድ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ግን በዓይን የማይታይ ክፍተት ያጋጥመዋል። ነርቩ እዚያ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ የጡንቻው ተቀባዮች ይይዙታል። ወዲያው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ በጡንቻው ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሣል፣ በውስጡ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። የኮብራ መርዝ እነዚያን ተቀባዮች ቀድሞ ይይዛቸዋል። ነርቩ ደህና፣ ጡንቻውም ደህና፣ መሐሉ ግን ዝግ።

ኤሌክትሮማዮግራፊ በሚባለው የጡንቻ ምርመራ ይህ መዘጋት በግልጽ ይታያል። አውራ ጣት ሥር ባለው ጡንቻ ላይ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል፤ በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካል። የጤነኛ ሰው ሞገድ ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ቁመቱም አይለዋወጥም። የዚህ ዓይነት በሽተኛ ሞገድ ግን ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እያጠረ ይሄዳል። መሣሪያ በሌለበት በረሃ፣ «ሽቅብ ተመልከት» ብሎ የዓይን ቆቡ ቀስ በቀስ ሲከደን ማየት ያንኑ ድካም ያሳያል።

ስለ እነዚህ ተቀባዮች ያስተማረን ራሱ የእባብ መርዝ መሆኑ ይደንቀኛል። በ1963 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ ሊ እና ቻንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሌላ እባብ መርዝ ቡንጋሮቶክሲንን ለዩ። በ1970 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሻንዦ የተባለ ተመራማሪ ከሊ ጋር ሆኖ ይህንኑ መርዝ በመጠቀም የአሴቲልኮሊንን ተቀባይ ለመለየት ቻለ፤ ተቀባዩን ያገኘው ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ የዓሣ የአካል ክፍል ነው። ያ የአካል ክፍል ድሮ ጡንቻ ነበር፤ መኮማተሩን ትቶ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያመነጭ ሆኗል።

ሳይንሱ መርዙን እንዲህ ቢረዳውም፣ ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረው ፋቭ-አፍሪክ የተባለ የመርዝ ማርከሻ ምርቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ የመጨረሻው ክምችት በ2016 እ.ኤ.አ. ጊዜው አለፈ። ከድንበሩ ወዲህ፣ አብደራፊ ላይ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በእባብ የተነደፉ ሳሉጎችን በነፃ አክመዋል። ነገር ግን ክሊኒኩ ከሂላው ሩቅ ነው፤ በኮብራ የተነደፈ ሰው የሚሞተው ደግሞ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሲቆሙ ነው። መርዙ እስኪለቀው ድረስ የሚተነፍስለት ሰው ካገኘ ሊድን ይችላል። ባለ እርሻዎች ለማጭድና ለጆንያ በጀት ይይዛሉ፤ በእጅ የሚጨመቅ አንድ የአየር ከረጢትና አጠቃቀሙን የሚያውቅ አንድ ሰው በየካምፑ ማኖር ግዴታቸው ሊሆን ይገባል።