ሁለት ቦታ ያለን መስሎን

ሞያሌ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ናት። እኛም እንደ ከተማዋ ነን፤ ሁለታችን ሞያሌ፣ ታላቅ እህታችን ናይሮቢ ኢስሊ ሆነን ጨርቅና ብርድ ልብስ እንነግዳለን። ናይሮቢ ዕቃ ሲጫን እያንዳንዱ ቦንዳ በቪዲዮ ይቀረጻል። መንገድ ላይ ጉዳት ቢደርስ ማስረጃችን እሱ ነው።

ቪዲዮ በስልክ መላላክ ሲያሰለቸን የእህታችን ልጅ ኮምፒውተሮቻችን ላይ አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም ጫነልን። የሚነካ ምልክት የለውም፤ ትእዛዙ የሚሰጠው በጽሑፍ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ አሮጌ ነገር ቢሆንም ለእኛ ኔትወርክ የተሠራ ይመስላል። አዲስና የተለወጠውን ብቻ ያመጣል። ፓርሻል የሚለውን ቃል ከጨመራችሁበት፣ መስመር ቢቋረጥም እስከዚያ የመጣው አይጠፋም፤ ትእዛዙን ስትደግሙት ይቀጥላል። መጨመቂያውን ግን ተዉት። ፎቶና ቪዲዮ ቀድሞውኑ የተጨመቀ ስለሆነ ጥቅም የለውም።

ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ብለን ዲሊት የሚለውን ቃልም ጨመርን፤ ማታ ማታ በራሱ እንዲሠራ አደረግነው። ከዚያማ «ሁለት ቦታ አለ» እያልን ስልካችንን እናጸዳ ጀመር።

አንድ ቀን አራት ቦንዳ ብርድ ልብስ ረጥቦ ደረሰ። ሹፌሩ «ሲጫንም እርጥብ ነበር» አለ። ቪዲዮውን ልናሳየው ስንከፍት ፎልደሩ ባዶ ነው። ለካ እህታችን ኮምፒውተሩ ሞላ ብላ፣ «ሞያሌ አለ» በሚል እምነት በዋዜማው አጥፍታዋለች። ሌሊት ደግሞ ዲሊት እዚያ የሌለውን እዚህም አጠፋው። የታዘዘውን ነው የሠራው። ኪሳራውን ዋጥነው። እህታችንን በስልክ ተቆጣናት፤ ጥፋቱ ግን የሦስታችንም ነበር።

ኮሜርስ ስንማር ደረሰኝ ቀሪ አለው ተብለናል፤ ዋናው ቢቀደድ ቀሪው ጥራዙ ላይ ይቆያል። ዲሊት ያለበት ቅጂ ቀሪ አይደለም፣ መስታወት ነው። ከፊቱ ዞር ካላችሁ ምስሉም የለም።

አሁን ዲሊትን በራሱ አናስኬደውም። መጀመሪያ ድራይ ረን ብለን እንሞክራለን፤ ምንም ሳይነካ ሊጠፉ ያሉትን ይዘረዝርልናል። ባክአፕ ዲር የሚለውን ስለጨመርንም የሚጠፋው ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ይዛወራል። የየወሩ ቪዲዮ ደግሞ በፍላሽ ተገልብጦ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

እህታችንም አንድ ፎቶ እንኳ ከማጥፋቷ በፊት ትደውላለች፦ «ላጥፋ?»