ለሴት የተረፈችው መሬት

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፍ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛታል። ቢወርድም ለዓሣ ነው፤ ቆሮሶው ተጠብሶ እስኪቀርብ ውኃውን ከሩቅ ያይና «ያምራል» ብሎ ይሳፈራል። እኔ ይሄን እንደ በደል ነው የምቆጥረው።

ከተማዋ በዘለቅሁ ቁጥር ሳልጠይቃቸው የማልመለስ አንዲት እናት አሉ። ሙስሊም ናቸው፤ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን የእሳቸውን ያህል የሚያወጋኝ አላገኘሁም። አቦሉ ሳይጠጣ ወጉ ይጀመራል። ድሮ እዚህ ደረቅ መሬት ነበር አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር በንጉሥ ልጅ ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ውኃ አለበሰው፤ የተረፈችው ሴትዮዋ የተቀመጠችባት ቦታ ብቻ ናት። ገዳሙ ያረፈው እዚያች ላይ ነው። ደሴት የነበረችው ቦታ ዛሬ ውኃው ሸሽቶላት በእግር ይገባባታል፤ ሴት ግን ወደ ወንዶቹ ገዳም አታልፍም። «ለሴት የተረፈችውን መሬት ወንዶቹ ያዟት!» ይሉና በሳቅ ይፈርሳሉ።

እኔ ደግሞ ቦታውን ትምህርት ቤት ብለው ደስ ይለኛል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥተው ካስተማሯቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው አራቱ ወንጌል የራሳቸውን ሥዕል ይዞ ዛሬም አለ። የገዳሙ አለቃም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ከዳር አገር ተነሥቶ ንጉሥ እስከ መምከር መድረስ ቀላል አይደለም።

ወደ ሰሜን ሲሉ አምባሰል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው የተፈረመውን የውጫሌ ውል አንባቢ ከነአንቀጽ 17 ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ግሸን ማርያምንም መስከረም 21 የሚወጣው ምእመን ይንገራችሁ፤ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረ አምባ መሆኑን ብቻ ልጨምር።

አምባሰል ለእኔ ቅኝቱ ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራት ሆነው ሲጠሩ ሁሌ ሦስተኛ ወይም አራተኛ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እኒያን እናት ብጠይቃቸው፣ «አምባሰልን ያልቻለ ክራር ከግድግዳ ባይወርድ ይሻለዋል» አሉኝ። ባቲዎች ቢሰሙ ይቀየሙ ይሆናል፤ እኔ ግን ከእሳቸው ጋር ነኝ።