ጀሪካኑን ከልክሎ ሃይላንዱን ማንገሥ

ስለ አገራችን አስተዳደር ለመነጋገር ሁልጊዜ ፓርላማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አንዳንዴ ባዶ ጀሪካን ይበቃል።

እዚህ አዳማ መብራት በተደጋጋሚ በጠፋበት ሰሞን ለቤቴ ጄኔሬተር አምስት ሊትር ቤንዚን ፍለጋ ወደ አንድ ማደያ ሄጄ ነበር። «በጀሪካን አንቀዳም፤ ደብዳቤ ያምጡ» ተባልሁ። ከማደያው ብዙም ሳልርቅ ግን ያው ቤንዚን፣ ሁላችን «ሃይላንድ» በምንለው የውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል።

መንግሥት ምክንያት የለውም አልልም። ነዳጅ በኮንትሮባንድ ድንበር ሲሻገርና በጥቁር ገበያ ሲቸበቸብ ኖሯል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ቅጣቱን ያከበደው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሕጋችን ጀሪካንን የሚያውቀው በኮንትሮባንዲስት እጅ ብቻ ነው። ከመቂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ የውኃ ፓምፑን ነቅሎ ማደያ ሊያደርስ አይችልም፤ ማሳውም ደብዳቤ እስኪጻፍ ውኃ ጥሙን ችሎ አይጠብቅም።

ክልከላው ፍላጎቱን አላጠፋውም፤ ወደ ባሰ ዕቃ አዛወረው እንጂ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ከምድጃ ይደርሳል። ሃይላንዱ ደግሞ ለውኃ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ ሥር ፌስታል የሚጠቀጠቅበት ቢጫው የዘይት ጀሪካንም ከዚህ አይሻልም፤ ዛሬ ውኃ፣ ነገ ነጭ ጋዝ፣ ከነገ ወዲያ ቤንዚን ይይዛል። የተጠማ ሕፃን በምን ይለየው?

ጀሪካን ስሙን ያገኘው እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሉ ስለነበር ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠሩት ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ሦስት እጀታ፣ ተን የማያሳልፍ ክዳንና ነዳጁ በሙቀት ሲሰፋ የሚይዘው ባዶ ቦታ ነበረው። እኛ ስሙን ወርሰን ጥበቡን ተውነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ተን እንዳይባክን ተብሎ የወጣው ደንብ ያመጣውን አፈሙዝ «ያስቸግራል፣ ያፈሳል» እያሉ ብዙዎች ያማርራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ እሳት ወደ ዕቃው እንዳይገባ የሚከላከል መሣሪያን የሚመለከት ሕግ ወጣ። እነርሱ በአፈሙዙ ይከራከራሉ፤ እኛ ገና ዕቃው ላይ አልደረስንም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ለነዳጅ ብቻ የሚውል፣ ቀለሙ የተለየ፣ ደረጃ የወጣለት ዕቃ ይወሰን፤ በእርሱ የሚቀዳው መጠን ይገደብ። የነዳጅ ግዢ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲፈጸም ከተደረገበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማን ስንት ሊትር እንደገዛ መመዝገብ ይቻላል። ኮንትሮባንዲስቱን ከገበሬው መለየት የመንግሥት ሥራ ነው፤ መለየት ስላቃተው ሁለቱንም መከልከል ግን አስተዳደር አይባልም። የመቂው ገበሬ እንደሆነ ነገም ፓምፑን ማስነሳቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ቤንዚኑን በምን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል የሚለው ነው።