ጄኔራሉና አክምባሎው

ለወራት ያህል ልብስ ላሰጣ ስወጣ በግራ እጄ ሳፋ፣ በቀኝ እጄ የምጣድ አክምባሎ ይዤ ነበር። አክምባሎው ለጋሻነት ነው። ጠላቴ ቢመዘን ሁለት ኪሎ አይሞላም። ይሁን እንጂ እኔን፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን፣ አባቴን ሳይቀር አስሩጧል። አባቴ እስከ ዛሬ «አልሮጥኩም፣ ስልኬን ረስቼ ነው የተመለስኩት» ይላል።

ጄኔራሉ እንለዋለን። የዛሬ ዓመት ነሐሴ ላይ አክስቴ ከፍቼ ስትመጣ እግሩን አስራ ያመጣችው፣ ገና ኩክኒው በቅጡ ያልወጣ ገብስማ ዶሮ ነበር። እማዬ አራት ሴት ዶሮዎች ነበሯትና «ዘር ይሁነን» ብላ አስቀረችው። መጀመሪያ ላይ ጨዋ ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ድምፁ ጎረነነ፣ ኩክኒው ቀላ፣ ከእግሩ ጀርባ ያለው ሹል ነገር ረዘመ። አንድ ጠዋት በረንዳው ሥር ጥርሴን ስቦርሽ አንድ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ በጎን በጎን ይዞረኝ ጀመር። ጭፈራ መስሎኝ ሳቅሁ። ወዲያው ዘሎ ባቴን ጠቀጠቀኝ። የአፌን ሳሙና ሳልተፋ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ለእሱ ተስተካከለ። እማዬ ውሃ የምትቀዳው እሱ ከጓሮ ሲርቅ ጠብቃ ሆነ። ታናሽ ወንድሜ በመጥረጊያ እየመታ ያናድደዋል፣ እኛ በመስኮት እናያለን። እንግዳ ሲመጣ «ውሻ ምን ያደርጋል፣ እኛ ጄኔራል አለን!» እያልን እንስቃለን። «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ግቢውን አስረክበን በተረፈችን ጥግ መኖር ለመድን።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቆመ። የተከራያችን የአራት ዓመት ልጅ ለዶሮዎቹ ቁራሽ ዳቦ ልትሰጥ ወጣች። እኛን ጉልበታችን ላይ የሚያገኘን ዝላይ እሷን ፊቷ ላይ ያገኛታል። ጩኸቷን ሰምተን ስንደርስ ከግራ ዓይኗ ሥር፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ደም ይወርድ ነበር። ጤና ጣቢያ ይዘናት በረርን። ዓይኗ ተረፈ። እናቷ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። «ምንም አይደል፣ ዶሮ አይደል እንዴ» አለች። በሰው ግቢ የሚኖር ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ከጭረቱ በላይ ያመመኝ ይሄ አባባሏ ነበር።

በዚያ ሳምንት በጋዜጠኝነት የተመረቅኩበትን ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጓሮዬ ተጠቀምኩበት። ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ተመለከትኩ። አውራ ዶሮ ከአምስት ስድስት ወሩ ጀምሮ ሲጎለምስ ሆርሞኑ ይጨምርና ሴቶቹንና ግዛቱን መጠበቅ ይጀምራል። ያ ክንፍ መጎተት ለሴት ዶሮ ሲሆን ሽርሽር፣ ለሰው ሲሆን ፉከራ ነው። ሲሮጡለት «አሸነፍኩ» ይላል፤ ሲመቱት ደግሞ ጠብ ተጀመረ ብሎ ይቆጥራል። በሁለቱም መንገድ ነገ ይደግመዋል። በእኛ ቤት እኔ ሯጭ፣ ወንድሜ መቺ ነበርን። ጄኔራልነቱን የሾምነው እኛው ነን።

ስለዚህ ቦት ጫማና ወፍራም ሱሪ ለብሼ ወጣሁ። ሲመጣብኝ ቆምኩ። ጀርባዬን አልሰጠሁትም፣ አልመታሁትም። ቀስ ብዬ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄድኩ። ዞር ሲል ተውኩት። ማታ ማታ ቆጡ ላይ ሲረጋ አወርደውና ክንፎቹን ከጎኑ አጣብቄ ታቅፌው እቆያለሁ። ልቡ በመዳፌ ሥር ቶሎ ቶሎ ይመታል። በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ለቀቀልኝ። አክምባሎው ወደ ምጣዱ ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ለእኔ የለቀቀውን መንገድ ግን ለልጅቷ አልለቀቀም። በር ላይ ብቅ ስትል የአንገቱን ላባ ያቆማል። የአራት ዓመት ልጅን «አትሩጪ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ» ማለት ደግሞ አይገባም። አባቴ «ገበያ ወስደን እንሽጠው» አለ። እማዬ «የሌላ ሰው ልጅ ዓይን እንዲያጠፋ?» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እንዳይታረድ ጾም ነው። እኔና ወንድሜ በሽቦ ለብቻው አጠርንለት። በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ዳቦዋን ይዛ ጓሮ ወጣች።

የፋሲካ ዋዜማ አባቴ ቢላውን ሳለ። ከቆጡ ያወረድኩት እኔ ነኝ። አልታገለኝም። መታቀፍ ለምዶ ነበር። እስካሁን የሚከብደኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ ከዶሮ ወጡ ለተከራያችን ይዤላት ሄድኩና «ይቅርታ፣ ይህን ቀደም ብለን ማሰብ ነበረብን» አልኳት። ያኔ ገና ነው «በጣም ፈርቼ ነበር እኮ» ያለችኝ።

ሴቶቹ ዶሮዎች እንቁላል መጣላቸውን አላቆሙም። ለመጣል አውራ አያስፈልጋቸውም፤ አውራ የሚያስፈልገው ለጫጩት ነው። ጥር ላይ ከተፈለፈሉት የጄኔራሉ ልጆች አንዱ ግን ሰሞኑን መጮህ እየተለማመደ ነው። ድምፁ የተበላሸ ጡሩምባ ይመስላል። ትናንት ክንፉን ጣል አድርጎ በጎን አየኝ። ወንድሜ መጥረጊያውን ሊያነሳ ሲል «ተው!» አልኩት። ከዚያ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ቸር ይግጠመን።