ወፏ የጠየቀችው

በሰሜን ምዕራብ ካውካሰስ፣ በሰርካሲያውያን ዘንድ የሚነገር አንድ አጭር ተረክ አለ። ፈጣሪ ናርት ወደሚባሉት ጀግኖች አንዲት ትንሽ ወፍ ይልካል። ወፏ ጥያቄ ይዛለች። ቁጥራችሁ በዝቶ፣ ዕድሜያችሁ ረዝሞ፣ ነገር ግን ስማችሁ ሳይነሣ መኖር ትወዳላችሁ? ወይስ ጥቂት ሆናችሁ በአጭር ተቀጭታችሁ ዝናችሁ እንዲቀር? ናርቶቹ ብዙ አልተማከሩም። ዕድሜው ይጠር፣ ስሙ ይቆይ አሉ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ይህን መልስ ሳይነገረው ይገምተዋል። ፉከራም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። «ዘራፍ» ብሎ የሚነሣ ሰው ማን እንደሆነና የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። በአማርኛ ተጽፈው ከተገኙት ቀደምት ጽሑፎች መካከል የሚቆጠሩትም ለዐምደ ጽዮንና ከእሱ በኋላ ለነገሡት የተገጠሙ የውዳሴ ግጥሞች ናቸው።

የናርት ተረኮችን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጆን ኮላሩሶ በሐሚልተን ከተማ፣ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የቋንቋ ምሁር ናቸው። ሐሚልተን ከቶሮንቶ ሩቅ አይደለም። ከመጽሐፉ አንዱ ቅጂ በአንዲት ተማሪ እጅ ክሬሰንት ታውን ገባ። ክሬሰንት ታውን ከቪክቶሪያ ፓርክ የባቡር ጣቢያ በእግረኛ ድልድይ ተሻግረው የሚገቡበት፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በረጃጅም ሕንጻዎች ተደራርበው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። አባቷ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ሻይ ሲጠጡ፣ እሷ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸዋለች።

ሶስሩቆን ወደዱት። ሶስሩቆ ከድንጋይ የተወለደ ነው። አንጥረኛው ትሌፕሽ በጉጠት ጭኑን ይዞ እንደ ብረት ሲያጠነክረው፣ ጉጠቱ የያዘው ቦታ ብቻ ሥጋ ሆኖ ቀረ። ጠላቶቹ ምስጢሩን ደረሱበትና ስለታሙን መንኰራኵር በጭኑ እንዲመልሰው አደፋፈሩት። በዚያው ጠፋ።

«በምላሱ ነው የሞተው» አሉ አባት። «እችላለሁ ባይል ማን ይነካው ነበር?»

የወፏን ተረክ ያነበበችላቸው ማታ ግን ዝም አሉ። ቆይተው «እኔንም ጠይቃኛለች» አሉ። «መተማ ላይ።»

ታላቅ ወንድማቸው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጦርነት ወድቋል። ደምቢያ ላይ ልቅሶው ሲወጣ የጦር ጓዶቹ ፎክረውለታል፤ አልቃሿም በስሙ ገጥማለታለች። ያን ጊዜ እሳቸው ድንበሩን ተሻግረው ካርቱም ነበሩ። ፉከራውን የነገራቸው ከዓመታት በኋላ ከአገር የመጣ ዘመድ ነው። ለእሳቸው የፎከረ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የዳኑ ሰው ናቸውና። ቶሮንቶ ውስጥ ስማቸውን አስተካክሎ የሚጠራ አለቃ ገጥሟቸው አያውቅም።

እዚህ ላይ ከናርቶቹ ይልቅ ናርቶቹን ይዞ ያቆየውን ሰው ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1864 ሩሲያ የካውካሰስን ጦርነት ስትጨርስ ሰርካሲያውያን በገፍ ወደ ኦቶማን ግዛት ተሰደዱ። ጎረቤቶቻቸው ኡቢኮች ከነጓዛቸው ሄዱ ማለት ይቻላል። የኡቢክ ቋንቋ በቱርክ መንደሮች ውስጥ እያነሰ እያነሰ መጥቶ በመጨረሻ ቴቭፊክ ኤሰንች በሚባሉ አንድ ሰው ላይ ቆመ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ዱሜዚል ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው ሠርተው ቋንቋውን ከእሳቸው አንደበት መዘገቡ። ኤሰንች እ.ኤ.አ. በ1904 ተወልደው በ1992 ዐረፉ። የኮላሩሶ መጽሐፍ የኡቢክ ተረኮችንም ይዟል፤ በዚያ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ግን ዛሬ የለም።

ናርቶቹ አጭር ዕድሜና ረጅም ስም መረጡ ይባላል። ስማቸው ከእኛ የደረሰው ግን ረጅም ዕድሜ በኖሩ ተናጋሪዎች፣ ከእነሱም መካከል በስደተኞችና በስደተኛ ልጆች አፍ ነው። ወፏ ጥያቄውን ይዛ ወደ ጀግኖቹ ብቻ ሄደች፤ ተናጋሪውን የጠየቀው የለም። ሁሉም እንደ ሶስሩቆ በአጭር ቢቀጭ ኖሮ፣ ስም ለማን ይቀር ነበር?

ልጅቱ የአጎቷን ፉከራ እንዲነግሯት ለመነች። «ፉከራ ተቀምጠው አይደለም» አሉ። ቆመውም አልሆነም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከላይም ከታችም ሰው ይኖራል፤ በማታ «ዘራፍ» ቢሉ ፖሊስ የሚጠራ አይጠፋም። በመጨረሻ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር አሉት። ሁለት ቦታ ላይ ተቋረጡ፤ አንዱ ጋ ረስተውት ነው፣ ሌላው ጋ ግን ረስተው አልነበረም። እሷ በስልኳ ቀዳችው። ያልገቧት ብዙ ቃላት ነበሩ፤ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው።

በማግስቱ በወረቀት ገልብጣ አመጣችላቸው። ከላይ የአጎቷ ስም፣ ከሥር ደግሞ «የተናገሩት» ብላ የአባቷን ስም ከነአባታቸው ጽፋለች። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ፉከራው ላይ ምንም አላረሙም። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁና ከታች የአባታቸው ስም ላይ ያለውን ሃሌታውን «ሀ» ሰርዘው በሐመሩ «ሐ» ተኩት።