የቋንቋዬ ስም ከወዴት መጣ?

ከወግዲ መጥቼ እዚህ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን አንድ አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ «አማራ ነህን?» ቢለኝ «የለም፥ እስላም ነኝ» አልሁት። እስኪበቃው ሳቀብኝ። እኔ ግን በአገሬ ልማድ ልክ ተናግሬ ነበር፤ በእኛ ዘንድ አማራ ማለት ክርስቲያን ማለት ነውና። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እንግዲያ ይህ የምማረው አማርኛ የማን ነው? የጎረቤቶቻችን ነው ወይስ የእኔም?

አያቴ ከአማርኛ በቀር ሌላ አታውቅም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቿን ግን «አማሮቹ» እያለች ትጠራለች። ነገር የተወሳሰበባት እንደ ሆነ «በአማርኛ ንገረኝ!» ትላለች፤ ግልጥ አድርገህ ተናገር ማለቷ ነው። ለእርሷ አማርኛ የሚገባ ነገር ነው እንጂ የማንም ስም አይደለም። በሩቅ ምሥራቅ ማላዮች «ባሃሳ መላዩ» ይላሉ፤ «ባሃሳ» ከሳንስክሪት የተበደሩት ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቋንቋ ነው። የውጭ አገር ሰው ግን ጅራቱን ቆርጦ «ባሃሳ» ብቻ ይለዋል። ቋንቋህ ማን ይባላል ቢሉት፥ ቋንቋ ይባላል እንደ ማለት!

የእኛው ስም የአገር ስም ነው፤ አገሩም ሩቅ አይደለም። ከበሽሎ በስተ ደቡብ፥ ከዓባይ በስተ ምሥራቅ ያለው ደጋ ቀድሞ ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ወግዲም በዚያው ውስጥ ናት። ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የኦሮሞ ጎሣዎች ሲሰፍሩበት አገሩ ወሎ፥ ቦረና ተባለ፤ በእኛ አቅራቢያ የድሮው ስም የቀረው በአማራ ሳይንት ላይ ነው። ቋንቋው ግን ስሙን ይዞ ሄደ።

አውሮጳ ያደረሰውም የዚያው አገር ሰው ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ (ከመካነ ሰላማችን ጋር እንዳይምታታ) በአውሮጳ አቆጣጠር በ1649 ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ሮም ላይ ተገናኙ፤ በ1652ም ጀርመን ድረስ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ ሰዋስውንና መዝገበ ቃላቱን በ1698 ሲያሳትም ቋንቋውን በላቲን «አምሐሪካ» አለው። መምህሩ ግን አላዩትም፤ በ1658 መርከብ ተሰብሮባቸው ሰጥመው ነበር።

ክረምት አገሬ ገብቼ ይህን ሁሉ በቡና ላይ ለአያቴ አወራኋት። የሰዋስዉን ነገር ከቁም ነገር አልቈጠረችውም። ወደ መርከቡ ስደርስ ግን ሲኒዋን አስቀመጠችና፥

«ውይ፥ ያ ምስኪን አማራ! በሰው አገር ውሃ በላው?» አለች።