ቁልፉን ከመጫን በፊት

በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ስነዳ፣ የልቤን ልናገርና፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ ቢጫ መብራት ሁሉ ያስጨንቀኝ ነበር። መብራት ማለት ጋራዥ፣ ጋራዥ ማለት ከዕለቱ ገቢ የሚጎድል ብር። እንዲጠፋልኝ እንጂ ምን እንደሚለኝ አስቤው አላውቅም።

ይህን ያስጣሉኝ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሹፌር ናቸው። አንድ ብርዳማ ማለዳ የጎማው መብራት በርቶ፣ ሪሴት የሚያደርገውን ቁልፍ ልጫን ስል፣ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ አየሩን ለካ» አሉኝ።

የዚያ መኪና ጎማ ውስጥ መለኪያ አልነበረም። አየሩ የጎደለ ጎማ ዙሪያው በጥቂቱ ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይሽከረከራል፤ መኪናው ይህን ልዩነት የሚያውቀው በኤቢኤስ ፍሬኑ ሴንሰሮች ነው። ሪሴት ሲደረግ «የአሁኑን ልክ ብለህ ያዝ» ማለት ነው። ጎማዎቹ ጎድለው ሳለ ቁልፉን የተጫነ ሰው ጉድለቱን ልክ አድርጎ ያስተምረዋል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ዝም ቢልህ በምን ትፈርድበታለህ? በየቸርኬው ውስጥ ሴንሰር ያላቸው መኪኖች ግን አየሩን ራሱን ይለካሉ።

የዚያን ቀን መብራቱን ያበራው ሚስማር ሳይሆን ብርዱ ነበር። ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በቀነሰ ቁጥር ከጎማው የአየር ግፊት 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ጋሼ በሹፌሩ በር አጠገብ ያለውን ተለጣፊ አሳዩኝ፤ የሚሞላው በዚያ ልክ ነው፣ ያውም ጎማው ሳይሞቅ። ጎማው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው።

አሜሪካ ይህን መብራት ያስገደደችው ያለ ምክንያት አይደለም። የፋየርስቶን ጎማ የተገጠመላቸው ፎርድ ኤክስፕሎረሮች እየተገለበጡ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ኮንግረስ በ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣ። ደንቡ የሚጠይቀው ግን አየሩ ከተለጣፊው 25 በመቶ ሲጎድል እንዲበራ ነው። 32 ፒኤስአይ የሚያስፈልገው ጎማ እስከ 24 ሲወርድ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው፤ ኋላ ወንበር ልጆቼ ይቀመጣሉና። መለኪያ ገዝቼ መሳቢያው ውስጥ አኑሬአለሁ፤ በየወሩ፣ ረጅም መንገድም ከመውጣቴ በፊት፣ ትርፍ ጎማውን ጨምሬ እለካለሁ።